ቦይለሩ ስለጮኸ አይፈነዳም

በአራት ኪሎና በፒያሳ አፓርታማዎችና ኮንዶሚኒየሞች አንድ ወሬ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይተላለፋል፤ መታጠቢያ ቤት የተሰቀለው ቦይለር መንተክተክ ወይም ማጓራት ከጀመረ ሊፈነዳ ተቃርቧልና ቶሎ ይነቀል ይባላል። ወሬው በሁለት በኩል ይጎዳል። በአንድ በኩል በትንሽ ጽዳት ለዓመታት ሊያገለግል የሚችል ዕቃ ይጣላል። በሌላ በኩል፣ የባሰው ደግሞ ይህ ነው፣ ድምፅ የማያሰማ ቦይለር ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። ከሥሩ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ሲታይ ብልሽት ነው ተብሎ ይደፈናል። የመጀመሪያው ስህተት ገንዘብ ያስከፍላል፤ ሁለተኛው ሰው ሊገድል ይችላል። ድምፅ የአደጋ መለኪያ አለመሆኑን ለመረዳት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይበቃል።

አዲስ አበባ ቤቶቿን በቧንቧ በሚዞር ሙቅ ውሃ አታሞቅም፤ አየሯ ይህን አይጠይቅም። በዋሽንግተን ወይም በሚኒሶታ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ብርድ በገባ ቁጥር ከግድግዳው ማሞቂያ የሚሰሙት ጉርምርምታና ኳኳታ ግን እኛ ከመታጠቢያ ቤት ከምንሰማው ጋር ምንጩ አንድ ሊሆን ይችላል። የእኛ ቦይለር አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀዝቃዛው ውሃ ከሥር ይገባል፣ ሬዚስታንሱ ያሞቀዋል፣ ሙቁ ከላይ እየተቀዳ ይወጣል፣ ቴርሞስታቱ የተወሰነለት ሙቀት ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ዋናው ጉዳይ ሬዚስታንሱ ላይ የሚሆነው ነው።

በቧንቧ ውሃ ውስጥ የሟሟ ካልሲየም ባይካርቦኔት አለ። ውሃው ሲሞቅ ይህ ውህድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቆ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ እንደ ስኳር አይደለም፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር የሚሟሟው መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው ከሁሉም በላይ በሚሞቅበት ቦታ፣ ማለትም በሬዚስታንሱ ገላ ላይ፣ ይጋገራል። በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት ይኸው ነው። ቅርፊቱ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ስለሆነ፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንብርብር እንኳ ከሥሩ ያለውን ብረት ከወትሮው በብዙ አሥር ዲግሪዎች አብልጦ ሊያግለው ይችላል። ቅርፊቱ ደግሞ ስንጥቅና ቀዳዳ አያጣም። ውሃ ወደዚያ ይሰርጋል፣ ከጋለው ብረት ጋር ይገናኛል፣ በቦይለሩ ሆድ ያለው ውሃ ገና 50 ዲግሪ ላይ እያለ በቅርፊቱ ሥር የታሰረው ጥቂት ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። አረፋው ሾልኮ ቀዝቀዝ ካለው ውሃ ሲገባ እንፋሎቱ ባንድ አፍታ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። አረፋው ይዞት የነበረው ቦታ ባዶ ይቀራል፤ በዙሪያው ያለው ውሃ ከየአቅጣጫው ተወርውሮ ይሞላዋል፣ መሀል ላይም ይጋጫል። ጆሯችን የሚሰማው በዋናነት ይህን ግጭት ነው። በሴኮንድ ውስጥ ብዙ እንዲህ ያሉ አረፋዎች ሲከስሙ የቦይለሩ ስስ ብረት ያጎላውና ጉርምርምታ ይሆናል።

የአረፋ መክሰም ይህን ያህል ጉልበት ይኖረዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1917 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በሒሳብ መርምሯል። መነሻው በወቅቱ የመርከቦችን ማንቀሳቀሻ ክንፍ እየቦረቦረ ያስቸግር የነበረው ጉዳት ነበር። ባዶ ክፍተት በፈሳሽ ውስጥ ሲደረመስ፣ መጨረሻው ቅጽበት ላይ መሀሉ የሚያርፍበት ግፊት እጅግ ከፍተኛ እንደሚሆን አሳየ። ነገር ግን ግፊቱ ከፍ የሚለው በጣም ጠባብ በሆነች ቦታ ላይ፣ በጣም አጭር ለሆነ ጊዜ ብቻ ነው። ቅርፊት ሊሰነጥቅ ይችላል፤ የቦይለሩን ሆድ ግን አይቀድም። ወሬው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጩኸቱን በቦይለሩ ውስጥ የተጠራቀመ ግፊት አድርጎ ይወስደዋል።

እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ግፊት ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በቅርፊቱ ሥር እንፋሎት መፍጠር ይከብዳል፣ ድምፁም ይቀንሳል። አራት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ በክፍት ድስት የሚፈላ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። «የከተማችን ቦይለር የሚጮኸው በከፍታው ነው» የሚሉ ባለሙያዎች ከዚህ ይነሳሉ፤ ከፊል እውነት አላቸው። ቦይለሩ ውሃ የሚያገኘው ከጣሪያ ሮቶ ከሆነና ሮቶው 3 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ በቦይለሩ ውስጥ ውሃው የሚፈላበት ሙቀት 100 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። በፓምፕ 3 ባር ግፊት ለሚያገኝ ግን ከ140 ዲግሪ ይበልጣል። ያው ቅርፊት ያለባቸው ሁለት ቦይለሮች አንዱ ሊያጓራ፣ ሌላው ዝም ሊል የሚችለው ለዚህ ነው። ከፍታው ድምፁን ያግዛል፤ ያለ ቅርፊት ግን ጉርምርምታውን ብቻውን አያመጣውም።

ሌላም ተደጋጋሚ አባባል አለ፤ ቅርፊት የያዘ ሬዚስታንስ መብራት እጥፍ ይበላል ይባላል። ይህ በጋዝ ወይም በናፍጣ ለሚሠራ ማሞቂያ ከፊል እውነትነት ይኖረዋል፤ እዚያ ሙቀቱ በጭስ ማውጫ ያመልጣልና። የእኛ ሬዚስታንስ ግን ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የተነከረ ነው፤ የሚያመነጨው ሙቀት ከውሃው በቀር መሄጃ የለውም። የሚጎዳው የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ሳይሆን ሬዚስታንሱ ራሱ ነው። ከልክ በላይ ሲግል ሽፋኑ ይሰነጠቅና ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ ጉርምርምታን ቸል በሉት ማለቴ አይደለም። ብሬከሩ ይጥፋ፣ ውሃው ይፍሰስ፣ ሬዚስታንሱ ወጥቶ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ አሲድ ይጽዳ፣ ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦም በባለሙያ ይፈተሽ። ቴርሞስታቱን 60 ዲግሪ ላይ ማድረግ የቅርፊቱን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ከዚያ በታች ግን በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ እንዲራባ ሊፈቅድ ስለሚችል አይመከርም። በየትኛው ቤት ቅርፊቱ ቶሎ እንደሚጋገር በጅምላ መናገር ደግሞ አይቻልም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች ከሚወጣው ይልቅ የሟሟ ማዕድኑ ያነሰ ነው፤ ይሁን እንጂ ለአንድ ሰፈር የሚደርሰው የውሃ ምንጭ እንደ ወቅቱና እንደ ሥርጭቱ ሊለያይ ስለሚችል የአንዱ ጎረቤት ልምድ ለሌላው መመሪያ አይሆንም። ቧንቧ ላይ የሚታሰሩ ማግኔቶች ቅርፊት ይከላከላሉ የሚለውም ገና ያከራክራል፤ የጥናቶቹ ውጤት እርስ በርሱ ስለማይስማማ በእነሱ ላይ ገንዘብ ማውጣትን አልመክርም።

ከቦይለሩ የመጣ የሚመስል ነገር ግን ከቧንቧው የሚነሳ ድምፅም አለ፤ የሚለየውም በሚሰማበት ሰዓት ነው። ቦይለሩ እየሞቀ፣ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ የሚሰማው ጉርምርምታ የቅርፊት ነው። ቧንቧ ሲዘጋ ወይም ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውሃ ሲያቋርጥ «ጧ» የሚለው ግን የውሃው ምት ነው። በሩጫ ላይ ያለ ባቡር በድንገት ሲቆም ፉርጎዎቹ በየተራ እንደሚጋጩ፣ በቧንቧው ውስጥ የሚፈሰው ውሃም ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየተጨመቀ ይቆማል። ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በሞስኮ የውሃ መስመሮች ላይ ባደረገው ሙከራ በ1898 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በብረት ቧንቧ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚፈስ ውሃ በቅጽበት ቢገታ የሚፈጠረው ተጨማሪ ግፊት 12 ባር ገደማ ይደርሳል። ተዳፋት ያለበት ከተማ ላይ ደግሞ መነሻው ግፊት ራሱ እንደ ቦታው ይለያያል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ያወረደው በዚህ በከፍታ ልዩነት ጉልበት ነበር፤ ዛሬም ከአንድ ታንከር በ30 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ ቤት በዚያው ብቻ 3 ባር ያገኛል። መፍትሔው ቧንቧውን ቀስ ብሎ መዝጋት፣ የላላውን መስመር ግድግዳ ላይ ማሰር፣ ግፊቱ ከበዛም መቀነሻ ቫልቭ ማስገባት ነው። በፈረቃ የተቋረጠው ውሃ ሌሊት ሲመለስ የሚሰማው ፉጨትና ትፍታፍ ደግሞ መስመሩ ውስጥ የገባ አየር ነው፤ ውሃው ሲስተካከል ይጠፋል። ይህ አየር ቆጣሪ ያዞራል የሚለው ቅሬታ ለሜካኒካል ቆጣሪ መሠረት አለው፤ መጠኑ ግን በቆጣሪው ዓይነትና በመስመሩ ርዝመት ስለሚወሰን አንድ ቁጥር ይዞ መሟገት አያስኬድም።

የፍንዳታው አደጋ ያለው ግን ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ውሃ ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ ወደ 2 በመቶ ይጨምራል፤ 80 ሊትር በሚይዝ ቦይለር ይህ አንድ ሊትር ተኩል ይሆናል። ወደ መጣበት እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ካለ ይህ ትርፍ ውሃ በሴፍቲ ቫልቩ በኩል ጠብ ጠብ ብሎ መውጣት አለበት፤ ቫልቩ የተሠራው ለዚሁ ነው። ቫልቩ ተደፍኖ ቴርሞስታቱ ደግሞ ቢጣበቅ፣ ሙቀቱና ግፊቱ አብረው ይወጣሉ፣ ውሃው ሳይፈላ ከ100 ዲግሪ በእጅጉ ያልፋል፣ ቅርፊቱም በግፊቱ ታፍኖ ዝም ሊል ይችላል። የቦይለሩ ሆድ በተቀደደ ቅጽበት ግፊቱ ይለቀቅና ከውሃው ከፊሉ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ ከነበረው መጠን ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ግድግዳ የሚያፈርሰው ይህ ነው፤ ከመድረሱ በፊትም ላይጮህ ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ መታጠቢያ ቤት ሲገቡ ጆሮዎን ብቻ አይመኑ፤ በቦይለሩ ሥር ያለውን ቫልቭ ይመልከቱ። ማፍሰሻው በጨርቅ፣ በጎማ ወይም በብሎን ተደፍኖ ከሆነ ብሬከሩን አሁኑኑ ያጥፉ፤ ውሃው ሳይቀዘቅዝም ድፍኑን አይንኩ። ከቀዘቀዘ በኋላ ባለሙያ ጠርተው ያስከፍቱት፣ ጠብታውንም በቱቦ ወደ ፍሳሽ ያስወርዱት። ቦይለሩ ቢሞቅም ባይሞቅም ጠብታው ካላቋረጠ ቫልቩ ይቀየር፤ በምንም ምክንያት ግን አይደፈን።