የክላርክስተን ከተማ ሕዝብና የቈጠራው መዝገብ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ ጆርጂያ በምትባለው ግዛት ውስጥ፣ ከአትላንታ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ክላርክስተን የምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። የምድር ባቡር መንገድ የወለዳት ስትሆን በ1882 በሕግ ከተማ ተባለች (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ስፋቷም ለረጅም ዘመን ከአንድ ካሬ ማይል እምብዛም የማይበልጥ ነበር። ከእርሷ ብዙም ሳይርቅ ስቶን ማውንቴን፣ ማለት የድንጋይ ተራራ፣ የተባለው ታላቅ ቋጥኝ ቆሟል፤ ጥቍሮችን በማሳደድ የታወቀው ኩ ክለክስ ክላን የተባለው ማኅበር በ1915 ዳግመኛ የተቋቋመው በዚሁ ተራራ ራስ ላይ ነው። በተራራውም ጎን ባርነትን ለማቆየት የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች መሪዎች መልክ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይታያል።

በዚህ ተራራ ሥር የምትገኘው ከተማ ዛሬ ከ60 የሚበልጥ ልሳን ይነገርባታል ይባላል። እንዲህ ያለ ለውጥ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ መመርመር ይገባል፤ ከዚያም የበለጠ ሊመረመር የሚገባው፣ የመንግሥቱ የሕዝብ መዝገብ ይህን ለውጥ እንዴት እንደ ጻፈው ነው።

እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ድረስ የክላርክስተን ነዋሪ አብዛኛው ነጭ ነበር። በዚያን ጊዜ በአትላንታ ሥራ እየሠሩ በአካባቢው ለሚያድሩ ሰዎች ታስበው ብዙ የኪራይ ፎቅ ቤቶች ተሠሩ። ዳሩ ግን ብዙ ዓመት ሳይቈይ ነዋሪዎቹ ራቅ ወዳሉት አዳዲስ መንደሮች እየተዛወሩ ሄዱ፤ ቤቱ ባዶ ሲቀር ኪራዩ ረከሰ። በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የስደተኞችን ሕግ በፈረሙ ጊዜ፣ ስደተኞችን የሚያሰፍሩት ማኅበሮች ርካሽ ቤት፣ ቅርብ የሆነ የሕዝብ መጓጓዣና መኪና የሌለው ሰው ሊደርስበት የሚችል ሥራ ይፈልጉ ነበር። ይህን ሁሉ በክላርክስተን አገኙት። የከተማይቱንም ነዋሪዎች ማንም አላማከራቸውም፤ ኋላ ለተነሣው ቅሬታ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ እንግዳን መቀበል የማይወድ ሰው ብቻ ሳይሆን የሚወደውም ቢሆን ቤቱ እንግዳ ሊገባበት ሲል አስቀድሞ ቢነገረው ደስ ይለዋልና።

መጀመሪያ የቬትናም ሰዎች መጡ። ከእነርሱም ጋር፣ ከእነርሱም በኋላ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን፣ የቦስንያ ሰዎች፣ ሶማሌዎች፣ የላይቤሪያ፣ የሱዳንና የኮንጎ ሰዎች፣ ኢራቃውያን፣ አፍጋኖች፣ የበርማ ካረኖች፣ በመጨረሻም ሶርያውያን ተከተሉ። ከቡታን ተባርረው በኔፓል መጠለያ ሰፈር ወደ ሃያ ዓመት ያህል የተቀመጡት የኔፓል ቋንቋ ተናጋሪዎችም ከ2008 ጀምሮ ገቡ። በ1883 የተመሠረተው የከተማይቱ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑ እያነሱ በሄዱ ጊዜ፣ ስሙን ለውጦ «ዓለም አቀፍ» የሚል ቃል ጨመረበትና ከብዙ አገር የመጡትን ማኅበረ ክርስቲያን በአንድ ጣራ ሥር ሰበሰበ። የሐዋርያት ሥራን ሁለተኛ ምዕራፍ ያነበበ ካህን ይህን ቢሰማ የእነዚያ አሕዛብ ዝርዝር ትዝ ይለዋል። በሌላው ወገን ደግሞ በ2006 የጊዜው ከንቲባ የከተማይቱ የመጫወቻ ሜዳ ለቤዝቦል እንጂ ለእግር ኳስ አይሆንም ብለው ከለከሉ። ኳሱን የሚጫወቱት የስደተኞቹ ልጆች ነበሩ። ነገሩ እስከ ኒውዮርክ ጋዜጣ ድረስ ደረሰ፤ ልጆቹም በኋላ ሜዳውን አገኙ።

እንግዲህ ወደ መዝገቡ እንመለስ። በ2000 በተደረገው ቈጠራ የክላርክስተን ሕዝብ 7,231 ሲሆን፣ ከመቶ 56 ያህሉ ጥቍር፣ 19 ያህሉ ነጭ፣ 13 ያህሉ የእስያ ሰው ተብሎ ተጻፈ። በ2010 ሕዝቡ 7,554 ሲደርስ ጥቍሩ 58፣ ነጩ 14፣ የእስያው ሰው 22 ያህል ሆነ። የእስያው ሰው መብዛት ከቡታንና ከበርማ የመጡትን ያሳያል፤ በዚህስ መዝገቡ እውነት ተናግሯል። የጥቍሩ ቍጥር ግን በዐሥር ዓመት ውስጥ ከቦታው የተንቀሳቀሰ አይመስልም። ይህን ብቻ የተመለከተ ሹም በዚያ ወገን ምንም አዲስ ነገር አልደረሰም ብሎ መዝገቡን ሊዘጋው ይችላል።

ነገር ግን በዚህ «ጥቍር» በሚለው አንድ ቃል ሥር ያለው ሕዝብ ሲዘረዘር ሌላ ሆኖ ይገኛል። አያቶቹ በጆርጂያ የጥጥ እርሻ በባርነት የኖሩ አሜሪካዊ አለ። ከአዲስ አበባ ወይም ከአስመራ በሱዳን በኩል የተሰደደ አለ። በ2001 ወደ አሜሪካ ከተወሰዱት፣ ያለ ወላጅ በእግራቸው በረሃ ካቋረጡት የደቡብ ሱዳን ወጣቶች አንዱ አለ። ሶማሌ አለ፤ ከእርሱም አጠገብ ሶማሌ ባንቱ የሚባለው አለ፤ የዚህኛው አያቶች በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከሞዛምቢክና ከታንዛንያ ምድር ተሸጠው ወደ ሶማሊያ የመጡ ናቸው፤ በዚያም አገር በዘራቸው ምክንያት ሲናቁ ከኖሩ በኋላ ከ2003 ወዲህ ወደ አሜሪካ መጡ። የናቀውና የተናቀው ባሕር ተሻግረው በአንድ የኪራይ ፎቅ ቤት ጎረቤት ሆኑ፤ መዝገቡም ሁለቱን በአንድ ቃል ጻፋቸው።

ይህ አጻጻፍ የቈየ ታሪክ አለው። የአሜሪካ መንግሥት በ1790 ሕዝቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቈጥር ነፃ ነጮችን፣ ሌሎች ነፃ ሰዎችንና ባሮችን ለይቶ ጻፈ፤ ምክንያቱም በሕገ መንግሥቱ ለእንደራሴዎች ቍጥር ባሪያው የሚታሰበው ከአምስት እጅ ሦስቱ ብቻ ስለ ነበረ ነው። በ1890 ቈጣሪዎቹ ከጥቍር ደም ሩቡ ወይም ስምንተኛው ያለበትን ሰው ለይተው እንዲጽፉ ታዘዙ፤ በዐይን አይቶ ስምንተኛውን ደም የሚለይ ሰው ከየት እንደሚገኝ ያዘዙት ብቻ ያውቃሉ። እስከ 1950 ቈጠራ ድረስ የሰውን ዘር የሚወስነው ቈጣሪው ነበር፤ ሰው ራሱን በራሱ መጻፍ የጀመረው ከ1960 ወዲህ ነው። ከአንድ በላይ ዘር መምረጥ የተፈቀደውም በ2000 ነው።

የሆነ ሆኖ የቀለም ቈጠራው ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይገባም። በ1964 እና በ1965 የዜጎች መብትና የምርጫ መብት ሕጎች ከወጡ ወዲህ፣ ጥቍሩ በምርጫ፣ በትምህርት ቤትና በሥራ እንዳይበደል የሚከታተሉት ዳኞችና ሹማምንት መረጃቸው ይኸው መዝገብ ነው። በስቶን ማውንቴን ሥር ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የበደሉን መዝገብ የሕዝቡ ሙሉ መልክ አድርጎ የወሰደ ሹም፣ ለትምህርት ቤቱ የትግርኛ፣ የስዋሂሊ ወይም የሶማሊኛ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግ በምን ያውቃል? እርግጥ የትውልድ አገርንና በቤት የሚነገረውን ልሳን የሚጠይቅ ሌላ ዓመታዊ ጥናት አለ፤ ነገር ግን እርሱ ከሕዝቡ ጥቂቱን ብቻ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ እንደ ክላርክስተን ባለች ትንሽ ከተማ ግምቱ ልል ነው። ሃይማኖትንም በተመለከተ በ1976 የወጣው ሕግ ማንም ሰው እንዲመልስ እንዳይገደድ ስለ ከለከለ፣ በአንድ ጎዳና ላይ ያሉት መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በቈጠራው አይታዩም።

በኢትዮጵያ የተደረጉት የ1984፣ የ1994 እና የ2007 ቈጠራዎች ሰውን የጠየቁት ብሔረሰቡን እንጂ የቆዳውን ቀለም አልነበረም። ስለዚህ በአገሩ ሳለ አማራ፣ ኦሮሞ፣ ትግሬ ወይም ጉራጌ ነኝ ብሎ የመለሰ ሰው፣ ክላርክስተን ሲደርስ አስቦት የማያውቀውን ጥያቄ ይጠየቃል። በአገሩ ስለ ነገዱ የተጣላው ሁሉ በአዲሱ አገሩ ከተጣላው ሰው ጋር በአንድ ሳጥን ይገባል። ይህም አንዳንዱን ያስታርቀዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ያስቈጣዋል። ልጆቹ ግን በትምህርት ቤት ስለሚያድጉበት ሳጥኑን ከአባቶቻቸው ይልቅ ቶሎ ይለምዱታል።

በ2020 ቈጠራ፣ የከተማይቱ ወሰን በመስፋቱ ጭምር፣ የክላርክስተን ሕዝብ 14,756 ደረሰ። በዚህ ዓመት መጠይቁ ተሻሽሎ ጥቍር ያለ ሰው ከየት ወገን እንደ ሆነ የሚጽፍበት መስመር ተጨመረለት፤ ለምሳሌም ከተጠቀሱት ስሞች መካከል ኢትዮጵያዊና ሶማሌ ይገኙበታል። ነጭ በሚለው ሥር ደግሞ ጀርመናዊ፣ አየርላንዳዊና ሌሎችም ተጠቅሰው በመጨረሻ ሊባኖሳዊና ግብፃዊ ተጽፈዋል። ሶርያውያን በ1915 በፍርድ ቤት ነጭ ናቸው ከተባሉ ወዲህ የዚያ አካባቢ ሰዎች ሲጻፉ የኖሩት እንዲህ ነው። አንዱን የዐባይ ውኃ የሚጠጡ፣ እስከ 1959 ድረስም በአንድ የማርቆስ መንበር ሥር የኖሩ የሁለት አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን፣ በአሜሪካ መዝገብ አንደኛው ነጭ፣ ሁለተኛው ጥቍር ሆነዋል።

በመጋቢት 2024 የአሜሪካ መንግሥት ደንቡን አሻሽሎ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለሰሜን አፍሪካ ሰዎች የራሳቸውን ክፍል ሰጠ። በዚህ ደንብ መሠረት የክላርክስተን ኢራቃዊና ሶርያዊ፣ ግብፃዊውም ቢኖር፣ ከነጩ ሳጥን ይወጣሉ። ኢትዮጵያዊው፣ ሶማሌውና ሶማሌ ባንቱው ግን በቀድሞው ሳጥን ይቈያሉ።