የማኒፑሪ መዛግብተ ቃላትና የውሰት ቃላት

በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የሚነገረው ማኒፑሪ፣ ተናጋሪዎቹ ሜይተይሎን የሚሉት፣ ከቲቤት-በርማ የቋንቋ ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ በ1992 እ.ኤ.አ. በሕንድ ሕገ መንግሥት ስምንተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ተካቷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ጋሪብ ኒዋዝ ዘመን፣ የቪሽኑ አምልኮ የቤተ መንግሥቱ ሃይማኖት ከሆነ በኋላ የሳንስክሪትና የቤንጋሊ ቃላት በብዛት ገቡ፤ በብሪታንያ ዘመን ደግሞ የእንግሊዝኛ ቃላት ተከተሉ። የውሰት ቃላት አሻራ በፊደሉም ላይ ይታያል፤ ነባሩ ሜይተይ ማየክ ለመነሻ ድምፆች 18 ፊደላት ሲኖሩት፣ እንደ «ገ»፣ «በ» እና «ደ» ያሉ ነዛሪ ድምፆች በነባር ቃላት መጀመሪያ ስለማይገኙ፣ ለእነዚህና ለመሰሎቻቸው 9 ተጨማሪ ፊደላት ተበጅተዋል። ለምሳሌ «ጎክ» የተባለው ፊደል የተገኘው «ራስ» የሚል ትርጉም ካለው «ኮክ» ነው።

የጎርደን የእንግሊዝኛ፣ የቤንጋሊና የማኒፑሪ መዝገበ ቃላት በ1837፣ የኬልቻንድራ ሲንግ ማኒፑሪን በማኒፑሪና በእንግሊዝኛ የሚፈታው ሥራ ደግሞ በ1964 ታትመዋል። ቋንቋው የድምፅ ቅላጼን ለትርጉም መለያ ስለሚጠቀምና ሲጻፍበት የኖረው የቤንጋሊ ፊደል ይህን ስለማያሳይ፣ የተሟላ መዝገበ ቃላት የቃሉን ፍቺ ብቻ ሳይሆን ቅላጼውንና ምንጩን ጭምር ሊመዘግብ ይገባል፤ የውሰት ቃል ታሪክ የሕዝብ ታሪክ አካል ነውና።