ሥጋ ደዌና የሰው ልጅ ክብር

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! የዛሬው ርእሳችን ለእኛ ለዓለም ባንክ ነዋሪዎች የጎረቤት ጉዳይ ነው። ወደ አየር ጤና ወጥተን በዘነበወርቅ በኩል ስናልፍ አለርት ሆስፒታልን እናገኛለን። ዛሬ ለልዩ ልዩ ሕመም የምንሮጥበት ይህ ሆስፒታል መነሻው የሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የቀድሞው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲቋቋም፣ ታማሚን ከቤተሰቡ ነጥሎ ማኖር በብዙ አገሮች የተለመደ ነበር። አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። ለሕክምና መጥተው፣ መንደራቸው አልቀበል ብሏቸው በዚያው አካባቢ የቀሩ ብዙዎች ናቸው።

ለመሆኑ ይህ መገለል አስፈላጊ ነውን? ሐኪሞች የሚነግሩንን እንስማ። ሥጋ ደዌ ቆዳንና ነርቭን የሚያጠቃ፣ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ባክቴሪያውን የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. አገኘው። እርግማን አይደለም፤ በዘርም አይወረስም። የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ተፈጥሯዊ መከላከያ አለው። ሦስት መድኃኒቶችን በአንድነት የያዘው ሕክምና ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአገራችን ይሰጣል። እንደ በሽታው ዓይነት ከ6 እስከ 12 ወራት ይወሰዳል፤ በነጻ ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ በሽተኛው ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል።

ጣት የሚቆረጠው እንግዲህ ለምንድን ነው? ነርቩ ሲሞት እጅ ይደነዝዛል። እናት የጋለ ጀበና ከከሰል ላይ ስታነሣ እሳቱ አይሰማትም፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ሳይታከም ሲቆይ አካል ይጎዳል። በጊዜ የታከመ ሰው ግን ወደዚህ ደረጃ ሳይደርስ ይድናል። ታዲያ ሕክምናው በነጻ እያለ ሰዎች ለምን ይዘገያሉ? ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ እፍረት ነው።

ያንን እፍረት የምናስተምረው ደግሞ እኛው ነን። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» እንላለን። በአንድ ተረት ሰውን በስድብ ስም ጠርተን ከገበታ አስነሣነው ማለት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ 70ኛው አንቀጽ የአደምን ልጆች ማክበሩን ይነግረናል፤ በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ደግሞ በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራትን ከልክሏል። ጤነኛና በሽተኛ ብሎ አልለየም።

«ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከጁዛም እንድንሸሽ አዘው የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ሐዲሱ ሰሒሕ ነው። ከጁዛም ታማሚ ጋር ከአንድ ሳህን መብላታቸውን የሚያወሳም ዘገባ አለ፤ በሰነዱ ላይ ዑለሞች ተነጋግረውበታል። ብዙ ዑለሞች የመጀመሪያውን በሽታ እንዳይዛመት ለመጠንቀቅ የተነገረ አድርገው ተረድተውታል። ጥንቃቄ ሌላ፣ ንቀት ሌላ ነው። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን እንኳ ኸሊፋው አል-ወሊድ ኢብኑ ዐብዱል-መሊክ በሒጅራ 88 ገደማ፣ በዚህ በሽታ የተያዙት እንዳይለምኑ ቀለብ እንደቆረጠላቸው የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል።

ከሁሉ የከበደው የኒካሕ ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሥጋ ደዌን በስም ጠቅሶ፣ ሳያውቅ ያገባ ሰው ጋብቻው እንዲፈርስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን ስም አውጥቶ «የማይድን ወይም በዘር የሚተላለፍ» ወደሚል አሳብ ለወጠው። ሥጋ ደዌ ከሁለቱም አይደለም። ብዙዎቹ ፉቀሃዎችም ጁዛምን ኒካሕ ለማፍረስ ከሚያበቁ ዐይቦች ቆጥረውታል፤ ምክንያታቸው ግን ጉዳቱና መተላለፉ ነበር። ታክሞ በዳነ ሰው ላይ ያንን ብይን ከመምዘዛችን በፊት ዓሊምንም ሐኪምንም እንጠይቅ። ይህን ስል በኒካሕ ላይ እውነትን መደበቅ ይፈቀዳል ማለቴ አይደለም። የዳነን ሰው እንደ በሽተኛ መቁጠርም እውነት አይደለም እንጂ።

ውድ ወላጆች! በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዳዲስ ታማሚዎች ይገኛሉ፤ ሕጻናትም አሉባቸው። በልጃችሁ ገላ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካያችሁ «ለትዳር እንቅፋት ይሆንባታል» ብላችሁ አትሸፍኑት። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ የቤቱ ሰው ሁሉም ይመርመር። የተሸፈነ ምልክት ቆይቶ እጅ ይወስዳል፤ በጊዜ የታየ ግን በወራት መድኃኒት ያበቃል።

ለዳኑት ወገኖቻችን ደግሞ ሶደቃ ብቻ አይበቃም። በሰፍ አጠገባችን ይቁሙ፤ በእድራችን ይመዝገቡ፤ በሰርጋችን ከሰው ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጡ። ያንንም ተረት ልጆቻችን ከእኛ አፍ አይስሙት።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ያሽርልን፤ ልባችንንም ከኩራት ያጽዳልን። አሚን።