የኋላ ጎማ ዝንባሌና የካምበር ማስተካከያ ክንድ

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚያመራው አውራ ጎዳና ሐይቅ ከተማን አልፎ፣ የአምባሰልን ተራራማ ምድር ተከትሎ፣ በውጫሌ በኩል ወደ ወልድያ ይዘልቃል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፣ የሐይቅ ውኃ ደግሞ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው በዚህ ጉዞ አንድ ተሽከርካሪ በድምሩ 600 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ መንገድ የሚመላለስ የአሮጌ አውቶሞቢል ባለቤት አንድ ቀን የኋላ ጎማውን ሲያስፈታ፣ በውጭ በኩል ጥርሱ ገና ያላለቀው ጎማ በውስጥ በኩል ሽቦው ብቅ ብሎ ሊያገኘው ይችላል። ቆሞ ለሚያየው ሰው ደኅና የሚመስለው ጎማ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ ሊፈነዳ የተቃረበ ነው።

ችግሩ ለሀገራችን አዲስ አይደለም፤ ወደፊትም የሚቀንስ አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ በመጣሉ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በመወሰኑ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ አውቶሞቢል ጠግኖ መያዝ የብዙዎች ምርጫ ሆኗል። ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ ከሚቀርቡት ዕቃዎች አንዱ ርዝመቱ የሚስተካከል የኋላ ካምበር ክንድ ነው። ይሁን እንጂ ክንዱ የሚጠቅመው የትኛውን መኪና ነው? ሥራውንስ እንዴት ይሠራል?

ካምበር ምንድን ነው?

መኪናውን ከኋላው ቆመን ስንመለከት ጎማው ከቀጥተኛው ቋሚ መስመር የሚያዘነብልበት ማዕዘን ካምበር ይባላል። የጎማው አናት ወደ መኪናው አካል ካዘነበለ አሉታዊ፣ ወደ ውጭ ካዘነበለ አዎንታዊ ይሆናል። ለምሳሌ ቁመቱ 58 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ 2 ዲግሪ ወደ ውስጥ ቢያዘነብል፣ አናቱ ከግርጌው 20 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። መሬት የሚነካው ገጽ 13 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ በውስጠኛውና በውጨኛው ጠርዝ መካከል 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ይፈጠራል። ልዩነቱን የሚሸከመው የጎማው መጨፍለቅ ስለሆነ፣ ውስጠኛው ጠርዝ ከድርሻው በላይ ክብደት ይወድቅበታል።

ይህ ማለት ግን አሉታዊ ካምበር ሁሉ ጉድለት ነው ማለት አይደለም። መኪና ሲታጠፍ አካሉ ወደ ውጭ ስለሚያጋድል፣ በውጭ በኩል ያለው ጎማም አብሮ ወደ ውጭ ያዘነብላል። አስቀድሞ የተሰጠው ጥቂት አሉታዊ ዝንባሌ በዚያ ጊዜ ጎማውን ቀጥ አድርጎ መሬት ያስይዘዋል። ስለሆነም ግቡ ዝንባሌውን ዜሮ ማድረግ ሳይሆን፣ አምራቹ ወደወሰነው ልክ መመለስና የግራና የቀኙን ማቀራረብ ነው።

አሮጌ መኪና ለምን ያዘነብላል?

ምክንያቶቹ በርካታ ናቸው። ሞላው ሲደክም አካሉ ዝቅ ይላል፤ ክንዶቹ በቅስት ስለሚንቀሳቀሱም የጎማውን አናት ወደ ውስጥ ይስቡታል። በክንዶቹ ጫፍ ያለው ጎሚኒ ሲበላ ክፍተት ይፈጠራል። ጉድጓድ የመታ ክንድ ይጣመማል። ከዚህ ሌላ ከመጠን ያለፈ ጭነት መኪናውን ለጊዜው ዝቅ በማድረግ ተመሳሳይ ውጤት ያስከትላል።

የመኪናው አሠራርም ወሳኝ ነው። ሃይሉክስን በመሰሉ፣ ባሌስትራና አንድ ወጥ የኋላ አክስል ባላቸው መኪናዎች ላይ የሚስተካከል የካምበር ክንድ ቦታ የለውም። በቀድሞው ቮልስዋገን ቢትል ላይ ግማሽ አክስሉ በካምቢዮው ጎን ብቻ ስለሚታጠፍ፣ ጭነት ሲጨመር የጎማዎቹ አናት ወደ ውስጥ፣ ሲቀነስ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ የሚታረመውም በጠማዛው የብረት ዘንግ ሞላ አቀማመጥ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት የኮሮላ ሴዳኖች ግን ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ የራሱ ሞላና ሁለት ጎን ለጎን የተዘረጉ የታች ክንዶች ስላሏቸው፣ የክንድ ርዝመት ጉዳይ እነርሱን በቀጥታ ይመለከታል።

ክንዱ እንዴት ይሠራል?

የክንዱ መሠረተ ሐሳብ ተራ ጂኦሜትሪ ነው። ጎማው ከላይና ከታች የተያዘ በመሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱን መያዣ ብናስጠጋ ወይም ብናርቅ ዝንባሌው ይለወጣል። በታችኛው ክንድና በላይኛው መያዣ መካከል 57 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢኖር፣ የ1 ዲግሪ ለውጥ ለማግኘት የታች ክንዶቹ በ10 ሚሊ ሜትር መለወጥ አለባቸው። የሚስተካከለው ክንድ በአንዱ ጫፍ የቀኝ፣ በሌላው የግራ ፊሌቶ ካለውና የእያንዳንዱ ፊሌቶ እርምጃ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ አንድ ሙሉ ዙር ርዝመቱን በ3 ሚሊ ሜትር፣ ዝንባሌውንም በ0.3 ዲግሪ ያህል ይለውጣል። በዚህ ዓይነቱ መኪና የታች ክንዶች ሲያጥሩ የበዛው አሉታዊ ዝንባሌ ይቀንሳል።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ከሁለቱ የታች ክንዶች አንዱ ብቻ ቢለወጥ ጎማው ከመቃናት ይልቅ ወደ ጎን ይዞራል። በክንዶቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ቢኖርና አንዱ ብቻ በ3 ሚሊ ሜትር ቢያጥር፣ ጎማው ከጉዞው አቅጣጫ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ያፈነግጣል። ግማሽ ዲግሪ በዓይን የማይለይ ቢሆንም፣ ጎማው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ የጎን መጎተት ይደርስበታል። ከደሴ ሐይቅ ሲደርስ ድምሩ 260 ሜትር ያህል ይሆናል። የጎማ ጥርስን ከካምበር ይልቅ ፈጥኖ የሚጨርሰው ይኸው የአቅጣጫ መዛባት ስለሆነ፣ ካምበር በተነካ ቁጥር አቅጣጫውም መለካት አለበት።

ከመግጠም በፊትና በኋላ

መጀመሪያ መለካት ይገባል። መኪናው በተስተካከለ ወለል ላይ ያለጭነት ይቁም፤ የጎማዎቹም ነፋስ እኩል ይሁን። የግንበኛ ቱንቢ ከጎማው ሆድ ራቅ አድርጎ በማንጠልጠል፣ ከክሩ እስከ ቸርኬው የላይና የታች ጠርዝ ያለው ርቀት ይለካል። በ36 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላይ 6 ሚሊ ሜትር ልዩነት ወደ 1 ዲግሪ ይጠጋል። ቀጥሎ ሞላው፣ ጎሚኒውና የክንዱ ቀጥታነት ይመርመር። የተበላ ጎሚኒ ሳይቀየር የሚስተካከል ክንድ መግጠም ልኩን በሚወዛወዝ መሠረት ላይ ማቆም ነው።

ክንዱ ሲገጠም መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መደገፊያ ላይ መቆም አለበት። አዲሱ ክንድ በመጀመሪያ የአሮጌውን ርዝመት ይዞ ይገባል፤ በሁለቱም ጫፍ በቂ ፊሌቶ ተይዞ መቅረቱም ይረጋገጣል። የጎሚኒዎቹ ቡሎኖች የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት ጎማው የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ በመደበኛ ከፍታው ላይ ሲቆም ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ከጠበቁ፣ መኪናው ሲወርድ ጎማቸው ተጠምዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳሉ። በመጨረሻም ካምበሩና አቅጣጫው ተስተካክለው መቆለፊያ ዳዶዎቹ ይጠብቃሉ፤ ከጥቂት ቀናት ጉዞ በኋላም ሁሉም ዳግመኛ ይፈተሻል።

ጎማውን በቸርኬው ላይ ገልብጦ ማስገጠም የተለመደ ዘዴ ነው። ይህ የጎማውን ዕድሜ ጥቂት ቢያራዝምም፣ ያዘነበለው ክንድ እንዳለ ስለሚቀር ሌላውን ጠርዝ በተራው ያስበላል። እንግዲህ የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ያለቀበት አሽከርካሪ አዲስ ጎማም ሆነ አዲስ ክንድ ከመግዛቱ በፊት አንድ ክርና አንድ ማስመሪያ ይዞ ቢለካ፣ ገንዘቡን ይቆጥባል፤ ከውጫሌ ወዲያ ባለው ቁልቁለትም አብረውት ለሚሳፈሩት ሕይወት ዋስትና ይሆናል።