ወደ ወንዝ ስለሚወጣው የጣና ዐሣ

ከሉማሜ በስተደቡብ በበረሓው የሚያልፈው ዓባይ ከጣና ባሕር የሚወጣ መሆኑን ጎጃሜ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን በባሕሩ ውስጥ በሌላ አገር የማይገኙ፣ ነጭ ዐሣ የሚባሉ፣ ሊቃውንትም ላቤዎባርበስ ብለው የሰየሟቸው 15 ያህል ዓይነት ዐሦች መኖራቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛው ዐሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለ ከለከለ፣ ለብቻቸው ተለይተው ኖረዋል።

ከእነዚህም ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከባሕሩ ወጥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ ሽቅብ ይጓዛሉ፤ እንቁላላቸውንም ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ይጥላሉ። ለጥፋት የዳረጋቸውም ይኸው ጉዞ ነው። ዐሣ አጥማጁ መረቡን በወንዙ አፍ ዘርግቶ ይጠብቃልና እናቲቱ ከነእንቁላሏ ትያዛለች፤ አንዳንዱም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃውን ይመርዛል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ የሞተር ጀልባ በመግባቱ መረቡ በዛ፤ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታትም የዐሣው ብዛት ከመቶ 75 ያህል ቀነሰ። ወደ ቮልጋ ወንዝ የሚወጣውን የካስፒያን ባሕር ስተርጅንንም ግድብና የእንቁላሉ ንግድ እንዲሁ ጎድተውታል።

መንግሥት በ1995 ዓ.ም. ስለ ዐሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315ን አውጥቷል። ይሁን እንጂ ገዢ እስካለ ድረስ መረብ የሚዘረጋ አይጠፋም። ስለዚህ የቤት እመቤት በክረምት ወራት እንቁላል ያዘለ ነጭ ዐሣ ቢያመጡላት አትቀበል፤ በምትኩ ወንዝ ሳይወጣ በባሕሩ ዳር የሚራባውን ቆሮሶ ትግዛ። የአንዲት ዐሣ ሆድ የብዙ ዓመት ማዕድ ነውና።