ከጋይንት እስከ ባሕር ዳር፤ የአንድ ርዕሰ መስተዳድር ጉዞ

ስለ ዶክተር አምባቸው መኮንን በተነሣ ቁጥር በአብዛኛው የሚወሳው አንድ ቀን፣ ይኸውም ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። አሟሟታቸው የአገር መርዶ እንደ ነበር አይካድም። ይሁንና በአሟሟት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ትዝታ ሰውየው የመጡበትን ምድርም ሆነ የተቀመጡበትን ወንበር ጠባይ ይሸፍናል። በዚህ ጽሑፍ ልናተኩርባቸው የምንሻው ሁለቱ ናቸው።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ደጋ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች በሚወርደው ተዳፋት ላይ የሰፈሩ አገሮች ናቸው። ደጋው ገብስና ድንች፣ ቆላው ማሽላ ያበቅላል። አፈሩ ለዘመናት ታርሶ በጎርፍ የታጠበ፣ ማሳው በውርስ እየተከፋፈለ የጠበበ በመሆኑ አርሶ አደሩ ዓመት ከዓመት ከምርቱ የሚተርፈው ቀርቶ የሚበቃው እንኳ ያጥረዋል። የምርታማነት ሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል መገኘታቸው የዚሁ ምስክር ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወልድያ የሚደርሰው፣ ቻይናውያን የሠሩት መንገድ ላይ ጋይንትን አቋርጦ ያልፋል። ስማዳ ግን ከዚህ መንገድ ርቃ ትገኛለች። ችግርን በመጽሐፍ ሳይሆን በጎተራ ባዶነት የሚያውቅ ትውልድ የሚወጣው ከእንዲህ ያለ ምድር ነው።

ዶክተር አምባቸው በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተወለዱት በዚሁ በጋይንት ነው። በወጣትነታቸው፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ በኅዳር 1973 ዓ.ም. የተመሠረተውንና ኋላ ብአዴን፣ ከዚያም አዴፓ የተባለውን የኢሕዴን ትግል ተቀላቀሉ። ከለውጡ በኋላ በክልሉ አስተዳደር እያገለገሉ ትምህርታቸውን ገፉበት። የመረጡትም የኢኮኖሚ ጥናትን ነበር። ለዚሁ ወደ ደቡብ ኮሪያ ተጉዘው በልማት ፖሊሲ ሠለጠኑ፤ የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ደግሞ ከእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ አገኙ። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ሊከላከሉላት የዘመቱላት ኮሪያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ለኢትዮጵያውያን የልማት መምህር ሆና መገኘቷ ለብቻው ሊጤን የሚገባው ጉዳይ ነው። ገበሬውን በመሬት ይዞታ ለውጥ ያረጋጋ፣ ኋላም ወደ ፋብሪካ ያሸጋገረ አገር ምን እንደሚመስል አንድ የጋይንት ልጅ በዓይኑ አይቶ ተመልሷል።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በተካሄደው የካቢኔ ሹም ሽር የከተማ ልማትና ቤቶች ሚኒስትር ሆኑ። ቤት የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለሚጠባበቅ ሠራተኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ለዚህ ገጽ አንባብያን ማብራራት አያሻም። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ወደ ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ተዛወሩ፤ በዚያም ግማሽ ዓመት ያህል እንደ ቆዩ መሥሪያ ቤቱ ከንግድ ጋር ሲዋሐድ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የመሠረተ ልማት አማካሪ ሆኑ። ሥራውን ለማወቅ እንኳ በማይበቃ ጊዜ ባለሙያን ከወንበር ወደ ወንበር ማዘዋወር ለሥራው የሚበጅ አሠራር አይመስለንም።

የካቲት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልሉ ምክር ቤት አቶ ገዱ አንዳርጋቸውን ተክተው ርዕሰ መስተዳድር እንዲሆኑ ሾማቸው። የኢኮኖሚ ሊቁ የተረከቡት ግን በማዕከላዊና በምዕራብ ጎንደር የተፈናቀለ ሕዝብን፣ የሠለጠነና ያልሠለጠነ ጠመንጃ የበዛበትን ክልል ነበር። የክልሉን የጸጥታ ቢሮ ይመሩ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌም የተሾሙት ከእርሳቸው በፊት ነበር። በእኛ እምነት የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ የያዘው ኃይል ለማን እንደሚታዘዝ በሕግ ብቻ ሳይሆን በተግባርም ባልተቆረጠበት ሁኔታ የመስኖ ዕቅድም ሆነ የፋብሪካ ዕቅድ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ሦስት ወር ከግማሽ እንዳስቆጠሩ፣ ባሕር ዳር ውስጥ በስብሰባ ላይ እንዳሉ ከአማካሪያቸው ከአቶ እዘዝ ዋሴ ጋር ተገደሉ። በዚያው ጥቃት የቆሰሉት የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ምግባሩ ከበደ ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ። በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ላይ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና ጡረተኛው ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። የፌዴራሉ መንግሥት ድርጊቱን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ብሎ ጄኔራል አሳምነውን በመሪነት ከሰሰ፤ እርሳቸውም ሰኔ 17 ቀን በባሕር ዳር አካባቢ ተገደሉ። በዚህ ደም ውስጥ የሁለቱም ወገን ቤተሰቦች፣ ጠባቂዎችና ወታደሮች አዝነዋል።

ከዚያ ወዲህ ያለው የወንበሩ ታሪክ ነው። ክልሉ ከተመሠረተ ጀምሮ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ የመሩት አቶ አዲሱ ለገሠ፣ አቶ ዮሴፍ ረታ፣ አቶ አያሌው ጎበዜና አቶ ገዱ አንዳርጋቸው፣ አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከዶክተር አምባቸው ሹመት በኋላ በነበሩት አራት ዓመት ተኩል ባልሞሉ ጊዜያት ግን በዚያው ወንበር አምስት ሰዎች ተፈራረቁበት። አቶ ተመስገን ጥሩነህ በሐምሌ 2011፣ አቶ አገኘሁ ተሻገር በጥቅምት 2013፣ ዶክተር ይልቃል ከፋለ በመስከረም 2014 ተተኩ። በመካከሉ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ የዶክተር አምባቸው የትውልድ አገር እስከ ሆነችው ጋይንት፣ እስከ ነፋስ መውጫ ከተማ ድረስ ዘለቀ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በነሐሴ ደግሞ አቶ አረጋ ከበደ አምስተኛው ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።