አማርኛ የሚሰማ ቤት

በታኅሣሥ ማታ አቀስታ ላይ እጅን ከጋቢ ማውጣት ይከብዳል። ከደሴ ተነስቶ ጉጉፍቱን አልፎ ወደ መካነ ሰላም በሚዘልቀው መንገድ የተጓዘ ሰው የዚያን ደጋ ብርድ ያውቀዋል፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። እንዲህ ባለ ማታ ከምድጃው ዳር ሳይነሱ «መብራቱን አጥፋው» ብሎ ቤትን ማዘዝ የባለጸጋ ቅንጦት ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ነገሩን የማየው ዓይናቸው ከደከመ እናት ጎን ሆኜ ነው። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ የተባለው የዓይን በሽታ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ማየት ለከበዳቸው ሰው «ስቶቩ ጠፍቷል?» ብሎ ጠይቆ «አዎ፣ ጠፍቷል» የሚል መልስ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ይህን የሚያደርጉ ስፒከሮች ዓለም ላይ አዲስ አይደሉም። አማዞን የድምፅ ረዳቱ አሌክሳ የምትናገርበትን ኤኮን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን ጉግል ሆም በ2016 ተከትሏል። አሌክሳ አማርኛ አትሰማም። ስለዚህ አንድ የአቀስታ ሰው ኤኮ ከውጭ አገር ዘመድ ቢላክለት የመጀመሪያው ጥያቄ እንዴት ከአምፖሉ ጋር እንደሚያገናኘው ነው፤ ሁለተኛውና ከባዱ ጥያቄ ደግሞ በምን ቋንቋ እንደሚያነጋግረው ነው።

መጀመሪያ ሥራውን እንየው። ስፒከሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው አንዲት ቃል፣ ስሙን ብቻ ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ፕሮግራም ያለፉትን ጥቂት ሰከንዶች ድምፅ እየያዘች፣ ስሙ ካልተጠራ እየጣለች ትቀጥላለች። ስሙ ሲጠራ ይነቃል። ከዚያ በኋላ የተነገረው ድምፅ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ የተለመደው አሠራር በአንድ ሰከንድ ውስጥ የአየሩን ንዝረት 16,000 ጊዜ መለካት ነው። እነዚህ ቁጥሮች ከሰከንድ መቶኛ ጥቂት በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ተከፋፍለው በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ የትኛው የድምፅ ከፍታ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ይመረመራል። «ሰ» እንደ ፉጨት ወደ ላይ ይወጣል፤ «መ» እንደ ጉምጉምታ ወደ ታች ይወርዳል። ፕሮግራሙ ከዚህ ሥዕል ቃሉን ይገምታል፣ ከቃሉ ደግሞ ፍላጎቱን ያወጣል፦ የትኛው ዕቃ፣ የትኛው ክፍል፣ ምን ይደረግ?

ኤኮ ላይ ከመንቂያ ቃሏ በስተቀር አብዛኛው ሥራ የሚሠራው እቤት ውስጥ አይደለም። ድምፁ በዋይፋይ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ቴሌኮሙ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ሄዶ፣ ትእዛዙ ተተርጉሞ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ከምድጃው ዳር እስከ አምፖሉ አራት እርምጃ ነው፤ ትእዛዙ ግን አህጉር አቋርጦ ይመጣል።

መሐል ላይ የቤቱን ዕቃዎች ሁሉ የሚያስተዳድር አንድ ሥርዓት ይቀመጣል። ከታወቁት አንዱ ሆም አሲስታንት ነው፤ ፓውሉስ ስኻውተን የተባለ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው፣ ማንም በነጻ የሚወስደውና የሚያሻሽለው ፕሮግራም ነው። መዳፍ በምታህል ራስፕቤሪ ፓይ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ኤኮን ከእሱ ጋር ለማገናኘት አንዱ መንገድ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት የኢንተርኔት ድልድይ ነው፤ ይህ ለእኛ አገር ሰው ገና ከበሩ ይከብዳል። ሌላ መላም አለ፦ ሆም አሲስታንት ራሱን የፊሊፕስ ሂዩ አምፖል መቆጣጠሪያ አስመስሎ በቤቱ ኔትወርክ ላይ ይቀርባል፣ ኤኮም አምፖሎቹን በቀጥታ ያገኛቸዋል። ዕቃውን «ሳሎን» ብሎ ሰይሞ «ተርን ኦን ሳሎን» ማለት ያስኬዳል። ግን በዚህም መንገድ ቢሆን ንግግሩን የሚተረጉመው ያው ባሕር ማዶ ያለው ኮምፒውተር ነው።

እዚህ ላይ ፍርዴን ልስጥ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ያን ጊዜ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ኤኮ ያለው ቤት ቢኖር ስፒከሩ ስሙ ሲጠራ ከመንቃት በቀር ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር። ለአቀስታ፣ ለመካነ ሰላም፣ ለወገዲ፣ ለሣይንት ቤት የሚሆነው አንጎሉ እቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሥርዓት ብቻ ነው፤ ኢንተርኔት ሲኖር የሚጠቀም፣ ሲጠፋ የማይቸገር። የሆም አሲስታንት ሰዎች እ.ኤ.አ. 2023ን የድምፅ ዓመት ብለው ሰይመው ንግግርን እዚያው ቤት ውስጥ የሚተረጉሙ መሣሪያዎችን ገንብተዋል፤ በ2024 ማብቂያ ላይ ደግሞ ለዚሁ ሥራ የሚሆን የራሳቸውን ትንሽ ስፒከር ለሽያጭ አቅርበዋል። በሩ ተከፍቷል። የሚጎድለው አማርኛው ነው።

አማርኛው ለምን ከበደ? የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ለሁሉም አንድ ነው። የእኛ ግን ሰውየው ስፒከሩን በማን መልክ እንዳየው ይለያያል፦ አብራ፣ አብሪ፣ አብሩ፣ ያብሩ። ዕቃው ሲጠቀስ አብራው፣ አብሪው፣ አብሩት፣ ያብሩት ይሆናል። ለራስ ሲለመን ደግሞ አብራልኝ፣ አብሪልኝ፣ አብሩልኝ፣ ያብሩልኝ። ትልልቅ ሰዎች እንግዳን ሁሉ በአክብሮት በሚጠሩበት ቤት ስፒከሩም «ያብሩልኝ» ሊባል ይችላል። አንዲት ትእዛዝ አሥራ ሁለት መልክ ይዛ መጣች ማለት ነው፤ ገና ስለ አምፖሉ አልጨረስንም።

እምቢታውም ራሱን የቻለ ቃል ሆኖ አይመጣም። «አጥፋ» እና «አታጥፋ» የሚለያዩት በአንዲት «ታ» ነው፤ ይቺን ቅጽበት የሳተ መሣሪያ የተነገረውን ተቃራኒ ያደርጋል። መጥበቅና መላላትም አለ። «ይበራል» ብለን ስንጽፍ «ራ» ከላላ አምፖሉ ብርሃን ይሰጣል፣ ከጠበቀ ወፍ በክንፉ ይሄዳል። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፈውም። ስለዚህ ከጽሑፍ ብቻ የተማረ ማሽን ጆሮው ጎደሎ ሆኖ ያድጋል።

በዚህ ላይ የደከሙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ስማቸው ከሚታወቀው በላይ መታወቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ሰሎሞን ተፈራ አባተ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ያደረጉት የአማርኛ ንግግር ስብስብ 20 ሰዓት ያህል ንባብ የያዘ ሲሆን ለማሠልጠኛው ክፍል 100 ሰዎች አንብበውለታል። ማርታ ይፍሩ ደግሞ ቃላትን ወደ ምዕላዶቻቸው ከፋፍሎ ማሽን ማስተማርን አጥንተዋል። «ያብሩልኝ»ን እንደ አንድ ያልታወቀ ቃል ከማየት «ያ»ን፣ ግሡን፣ «ልኝ»ን ለየብቻ ማወቅ ይሻላል፤ ያኔ ማሽኑ ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን «ያጥፉልኝ»ንም ይረዳል። የ20 ሰዓቱ ስብስብ አልፋ በተባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች ፕሮጀክት በኩል ማንም እንዲጠቀምበት ክፍት ሆኗል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የመጡት በኋላ ነው፤ ጉግል በድምፅ መጻፍን ለአማርኛ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሜታ ከሺህ በላይ ቋንቋ የሚሰማ ሞዴሉን ያወጣው በ2023 ነው።

ግን እነዚህ ማሽኖች የተማሩት ምን ሰምተው ነው? የሜታው ሞዴል ለአብዛኞቹ ቋንቋዎች ንግግርን ከጽሑፍ ማዛመድ የተማረው በአዲስ ኪዳን ንባብ ነው። የሐምቡርጉም ስብስብ ንባብ ነው። ማንም ሰው ግን «መብራቱን አብሪው» የሚለውን እንደ ዜና አንባቢ አይናገረውም። የቋንቋ አጥኚዎች ከአማርኛ ዘዬዎች አንዱ አድርገው የሚቆጥሩት የወሎ አነጋገር፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ቡናው እየተወቀጠ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን ተጮኾ ሲነገር ማሽኑ ያልለመደው ድምፅ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ቤት ለማዘዝ አማርኛን በሙሉ ማወቅ አለማስፈለጉ ነው። አንድ ቤት የሚፈልገው ምናልባት አርባ ዓረፍተ ነገር ነው። የተነገረው ከእነዚህ ከአርባው የትኛውን ይመስላል ብሎ መምረጥ፣ ማንኛውንም ንግግር ቃል በቃል ከመጻፍ እጅግ ይቀላል፤ በትንሽ ኮምፒውተርም ይሠራል። አሥራ ሁለቱንም መልክ ጽፎ ወደ አንድ ትእዛዝ መምራት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ሰዓቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ማታ አንድ ሰዓት ላይ አጥፋ» ሲባል ማሽኑ በራሱ አቆጣጠር የሚረዳው ከእኩለ ሌሊት አንድ ሰዓት በኋላ ያለውን ነው፤ የእኛ ማታ አንድ ሰዓት ለእሱ 19 ሰዓት ነው። ጧት 12ንና ማታ 12ን እንደ 0 ቆጥሮ ለጧትና ለቀን 6 መደመር፣ ለማታና ለሌሊት 18 መደመር፣ 24 ሲሞላ ወይም ሲያልፍ 24 መቀነስ፤ ሂሳቡ ይኸው ነው። ይበልጥ የሚያሳስተው ዕለቱ ነው። «ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት» የሚለው ሰው ገና ቅዳሜ ላይ ነው፤ ለማሽኑ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ እሑድ ሆኗል። ይህን ያልነገሩት ቤት መብራቱን በሌላ ቀን ያበራል።

ትእዛዙ ከታወቀ በኋላ ወደ አምፖሉ የሚደርስበት ቋንቋ ኤምኪውቲቲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና አርለን ኒፐር የፈጠሩት፣ በረሃ ላይ የተዘረጋ የነዳጅ ቧንቧን በሳተላይት ለመከታተል ነበር፤ መስመሩ ቀጭንና ውድ ስለነበር መልእክቱ አጭር እንዲሆን አደረጉት። በዚያው ዓመት የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ገባ። ኤምኪውቲቲ ደግሞ የዚህን መዝገብ ፊደላት ይቀበላል። ስለዚህ «ቤት/ሳሎን/መብራት» ብሎ በአማርኛ አድራሻ መስጠት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት፣ መለያ ሰረዞቹ አንዳንድ ባይት ሲይዙ አድራሻው በጠቅላላ 29 ባይት ብቻ ነው። የመጨረሻዋ ሥራ የሪሌ ናት፦ ከኮምፒውተር በመጣ ጥቂት ቮልት 220 ቮልቱን የምትከፍትና የምትዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ። ይህን ገመድ ኤሌክትሪሺያን ያልሆነ ሰው እንዳይነካው። በብዙ ቤት ከግድግዳው ማብሪያ ጀርባ ያለው ፌዙ ብቻ ነው፣ ኒውትራሉ አይገኝም፤ እንዲህ ከሆነ ግድግዳውን ከመፈልፈል ራሱን ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ አምፖል መግዛት ይሻላል።

ደጋው የራሱን ፈተና ያመጣል። የሐምሌ ዝናብ የቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ሰው ለሰው እንኳ አይሰማማም፤ ማይክሮፎኑን ከጣራው አርቆ፣ ሰው ከሚቀመጥበት አጠገብ ዝቅ አድርጎ ማኖር፣ ከሁሉም በላይ የእጅ ማብሪያውን አለመንቀል ያስፈልጋል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የዋይፋይን ሞገድ ይውጣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ ይታሰብ። ትንሿ ኮምፒውተር 5 ዋት ያህል ብትፈጅ፣ ባለ 12 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 24 ሰዓት ያቆያታል፤ ራውተሩ ሲጨመር ወደ ግማሽ ይወርዳል። ብርዱም ይቀንሰዋል፤ የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በታች በእያንዳንዱ ዲግሪ ከአቅሙ አንድ ከመቶ ያህል ያጣል። መብራት ሌሊት ተመልሶ ሲመጣ አምፖሎቹ ሁሉ ቦግ ብለው ቤተሰቡን እንዳይቀሰቅሱ፣ ከመጥፋቱ በፊት በነበሩበት ሁኔታ እንዲመለሱ አስቀድሞ ማዘዝ አይረሳ።

ይህን ሁሉ ቴክኒሻን ሊገጥመው ይችላል። የወሎ ደጋ ሰው ድምፅ ግን ከሌላ ከየትም አይመጣም። ሞዚላ የሚያስተዳድረው ኮመን ቮይስ በአማርኛ የተነበቡ ድምፆችን እየሰበሰበ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው ያወጣቸዋል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ተማሪዎች አሉት፤ ስልክ የያዘ ተማሪ ሁሉ ማይክሮፎን ይዟል። እርስዎም ዛሬ ማታ ኔትወርክ ካለ ገጹን ከፍተው አማርኛን ይምረጡ። በአንድ ጊዜ የሚቀርበው አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። ሳያስመስሉ፣ እቤትዎ በሚናገሩበት ድምፅ ያንብቡት፤ ከዚያ ስልኩን ለእናትዎ ይስጧቸው።